ሠርግ ሲደምቅ የሚጠፋው ኔትወርክ

ሙሂዲን የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ በሞጣ ገበያ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱን ግን ከጣቃ ይልቅ ሽቦ ይስበው ነበር። በወጣትነቱ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ አርባ ዓመት ሲሞላው ከሞጣ እስከ ቢቸና ሞንታርቦ በማከራየት የሚስተካከለው ጠፋ። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ድግስ ይጠራል። ክርስቲያን ቤት ሲሄድ የሙስሊም ምግብ ለብቻው ይዘጋጅለታል፤ እሱ ግን ድምፁን አስተካክሎ ሳይጨርስ እህል አይቀምስም።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ፣ ዕቃ ከሚሸጥበት የቴሌግራም ቻናል አራት ገመድ አልባ ማይክሮፎኖች አዘዘ። ሳጥኑ ላይ «የተፈቀደ» የሚል ተለጣፊ ነበረበት። ማይክሮፎኖቹ ድንቅ ነበሩ። ዘፋኙ እየጨፈረ ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል፤ ሽማግሌውም ከተቀመጡበት ሳይነሱ ይመርቃሉ። የሙሂዲን ስም ይበልጥ ገነነ።

ጥር ሲገባ ግን አንድ ነገር ይወራ ጀመር። ሠርግ ባለበት ሰፈር ስልክ አይሠራም! ሲደውሉ ይቋረጣል፤ መልእክት ሲልኩ ይቀራል። «ሕዝቡ ሁሉ ቪዲዮ እየላከ አጨናነቀው» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ «ኔትወርኩ ራሱ ሠርግ ይጠላል» ብሎ አሳቀ። ሙሂዲንም አብሮ ሳቀ።

በዚያው ወር ቢቸና ላይ አንድ ትልቅ ሠርግ ነበር። ሙዚቃው ጋብ ብሎ፣ የሙሽራዪቱ አያት የቅኔ መምህሩ የኔታ ገብረ ኪዳን ለምርቃት ማይክሮፎኑን እንደያዙ፣ አንዲት ወጣት ሴት የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና ይዛ ዳሱ ውስጥ ገባች። አንቴናውን ወደ ግራ ዞር፣ ወደ ቀኝ ዞር እያደረገች፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ቀጥ ብላ ሄዳ የኔታ ፊት ቆመች።

«ይቅርታ የኔታ። የማይክሮፎኑ ባለቤት ማን ነው?»

ሙሂዲን ከመሣሪያዎቹ መሀል ተነሣ። «እኔ ነኝ እህቴ። ምን አጠፋሁ?»

ጸደንያ ትባላለች፤ የሬዲዮ ሞገድ ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ የመጣች ባለሙያ ናት። የስልክ ድርጅቱ «የሆነ ነገር ሞገዳችንን እየረበሸ ነው» ብሎ አቤት በማለቱ፣ ከጠዋት ጀምራ የቢቸናን ሰፈሮች ስታስስ ነው የዋለችው።

«ሞገድ እንደ መሬት ነው» አለችው። «አይታይም እንጂ ዳር ድንበር አለው። ይሄኛው ማሳ ለስልክ ተሰጥቷል። የእርስዎ ማይክሮፎን ደግሞ እሱ ላይ ገብቶ ያርሳል።»

ሙሂዲን ደነገጠ። «እኔ እኮ የተፈቀደ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት!»

ተለጣፊውን ሲያሳያት ራሷን ነቀነቀች። የፈቃድ ቁጥር የለበትም። ማንም ማተሚያ ቤት ሊያወጣው የሚችል ወረቀት ነው።

የኔታ ማይክሮፎኑን ገልበጥ አድርገው አዩትና ለሙሂዲን መለሱለት። «እንግዲህ ያለ ፈቃድ ምርቃትም አይደርስም» አሉ። ቅኔው የገባቸው ሳቁ፤ ያልገባቸውም ሌላው ሲስቅ አይተው ሳቁ።

ሙሂዲን አራቱንም አጠፋቸው። ትንሽ ቆይቶ የአንዱ ስልክ ጮኸ፤ ከዚያ የሌላው፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ በስልክ ጩኸት ተሞላ። ሲጠራቀም የዋለው መልእክት ሁሉ በአንዴ ወረደ። ሙሽራው ሳይቀር ከኪሱ አውጥቶ ሲያይ የኔታ፦ «ኧረ አሁን ደግሞ እናንተ ዝጉት!» ብለው ተቆጡ፤ ምርቃቱንም በባለ ገመዱ አሮጌ ማይክሮፎን ጨረሱት።

ሕጉ መሣሪያውን መውረስ ይፈቅድላት ነበር። ሙሂዲን ግን ሳትጠይቀው አራቱንም ሳጥን ውስጥ መልሶ አስረከባት። ያፈረው መሣሪያው በመወሰዱ አልነበረም፤ ስንት ሰው ሐኪም ልጥራ ብሎ አቅቶት ይሆን የሚለው ሐሳብ ነበር የበላው።

«የትኛው ሞገድ ነው ለእኔ ዓይነቱ የተፈቀደው?» ሲል ጠየቃት። እሷም በሠርጉ መጥሪያ ጀርባ ላይ ከስልክ ቁጥሯ ጋር ጻፈችለት።

ወደ ሞጣ እንደተመለሰ ለሻጩ ጻፈ። ሻጩ ምንም ሳይመልስለት ከቻናሉ አስወጣው። ሙሂዲን ተናደደ፤ ይሁን እንጂ ቁጭ ብሎ አልተብሰለሰለም። ከዚያው ቻናል የገዛች አንዲት ሴት ያውቃል፤ ስርጉት ትባላለች፣ ጉንደ ወይን ላይ ሞንታርቦ ታከራያለች፣ ደንበኛም ይቀማማሉ። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ።

«ገበያዬን ልትዘጋ ነው የመጣኸው» አለችው በር ላይ ቆማ፣ ማይክሮፎኑ ስልክ እንደሚረብሽ ሲነግራት።

«እሺ፣ አትመኚኝ። ማይክሮፎንሽን ክፈቺና እናትሽ ጋ ደውይ።»

ከፈተች፤ ደወለች። ገና «እንዴት ዋልሽ» ሳትል ተቋረጠ። ዘግታ ስትደውል ሠራ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ስርጉት ማይክሮፎኑን ጠረጴዛ ላይ ወርወር አድርጋ «ይሄ ሌባ!» አለች፤ ሻጩን ነው።

ሁለቱ አንድ ላይ ለጸደንያ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፉ። ቻናሉ ተዘጋ። በወሩ በሌላ ስም ተከፈተ፤ ስርጉት አገኘችውና እንደገና አመለከቱ። ሁለቱም ሌላ ማይክሮፎን ገዙ፤ አሁን ግን የፈቃድ ቁጥሩን ለጸደንያ ደውለው ካጣሩ በኋላ ነበር። «ደግሞ እናንተ ናችሁ?» ትላቸዋለች እየሳቀች።

ቆይቶ ደብረ ማርቆስ ላይ ስብሰባ ተጠራ፤ የሬዲዮ መሣሪያ በኢንተርኔት ስለሚሸጡ ሰዎች የወጣ ረቂቅ መመሪያ ላይ አስተያየት ለመስማት ነበር። ሙሂዲን ሄደ። አርባ ገጹን ሲያገላብጥ አርፍዶ እጁን አወጣ።

«ሻጩ የፈቃዱን ቁጥር ከዕቃው ፎቶ ጋር ይለጥፍ የሚለው አንቀጽ ጥሩ ነው፤ ያ ቢኖር እኔም አልታለልም ነበር። ግን ይህን ለማግኘት ሠላሳ አንድ ገጽ አነበብኩ። ለእኛ ለሞንታርቦ ሰዎች አንድ ገጽ አይበቃም?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሰብሳቢው ግን ጻፉት። በሁለተኛው ወር አንዲት ገጽ በግልጽ አማርኛ ተጽፋ ለሞጣም ለቢቸናም ደረሰች። ሙሂዲን ሱቁ በር ላይ ለጥፏታል። ሦስተኛው መስመር ግን አሁንም አልተዋጠለትም። «ረዝሟል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እነግራቸዋለሁ» ይላል።