ግመሎች ፊት የቀረበው የመመረቂያ ጽሑፌ

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ዛሬም ሳህን እያጠብኩ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ስለምስቅ፣ አሠሪዬ ማዳም “አሁን ደግሞ ምን ሆነች?” እያለች ከሳሎን ብቅ ትላለች።

አቡ ዳቢ፣ አል ፈላሕ ውስጥ በአንድ የአገሬው ቤተሰብ ቤት ልጆች እጠብቃለሁ። ከመምጣቴ በፊት ግን ከከተማ ርቃ ባለች አንዲት ትንሽ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። ግቢያችን መብራት እንደ እንግዳ መጥቶ የሚሄድበት፣ ኔትወርክ ፍለጋም ከካፌው ጀርባ ያለችውን ጉብታ የምንወጣበት ነበር። ጉብታዋን “አንቴና” እንላት ነበር።

ኮርሶቼን ሁሉ ጨርሼ የመመረቂያ ጽሑፌን ማቅረብ ብቻ ሲቀረኝ ግቢው ተዘጋ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ስንል ወራት አለፉ። ተስፋ ቆርጬ ወደዚህ መጣሁ። ትምህርቴን እንደ ሞተ ዘመድ አልቅሼ ቀብሬው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አማካሪዬ መምህር አስራት ደወሉልኝ። “ሳያቀርቡ የቀሩትን ልናስጨርስ ነው። ውጭ አገር ላላችሁት በቪዲዮ ተፈቅዷል። የመጨረሻው ዕድል ነው፣ ካለፈሽ አለፈሽ” አሉኝ።

ጽሑፉ ኢሜይሌ ውስጥ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ ልብስ እየተኮስኩ ሸመደድኩት።

ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ ቤተሰቡ ስዌይሃን ወዳለው የግመል እርሻቸው የሚሄድበት ቀን ነው። ፈራ ተባ እያልኩ ለማዳም ነገርኳት።

“ዩኒቨርሲቲ? አንቺ?” ብላ አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ግን “ኸላስ፣ በቃ፣ እዚያው ታቀርቢያለሽ። ኢንተርኔት አለ” አለችና የራሷን ጥቁር ጃኬት አዋሰችኝ። እኔም ከላይ ነጭ ሸሚዝና ጃኬት፣ ከታች ዳክዬ የተሳለበት ሮዝ ፒጃማዬን ለበስኩ። ከወገቤ በታች ማን ያየኛል ብዬ!

እርሻው ስንደርስ ኢንተርኔቱ የለም። ስልኬም ቤት ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አያሳይም። ወዲያ ወዲህ ስሮጥ ቆይቼ ኔትወርክ ያገኘሁት የግመሎቹ በረት አጥር ሥር ነው። ስልኩን የመኖ በርሜል ላይ አቁሜ ፊቱ ቆምኩ። ማዳም፣ ልጆቿና “ማማ ከቢራ”፣ ትልቋ እማማ፣ የምንላቸው እናቷ ሠርግ የተጠሩ ይመስል ወንበር አምጥተው ተደርድረው ተቀመጡ።

መስመሩ ሲከፈት ከመምህር አስራት ጀርባ ባሕር ዛፍ ታየኝ።

“ይቅርታ፣ እዚህ መብራት ሄደ። ፈታኞቹን ይዤ አንቴና ላይ ወጥቻለሁ” አሉኝ።

ያቺው ጉብታ! ሁለቱ ፈታኞች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ኔትወርክ ፍለጋ የወጡ ተማሪዎችም ከበዋቸዋል። ሳቄ መጣ።

ጥናቴ ስለ በግ ማድለቢያ መኖ ነው። ደህና እየሄድኩ ሳለ አንደኛው ፈታኝ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ “ከኋላሽ ያለው ግመል ነው?” አሉ።

“አዎ፣ መምህር።”

“የጥናቱ አካል ነው?”

“አይደለም። ጥናቴ በግ ላይ ነው። ግመሉ ሊያዳምጥ መጥቶ ነው።”

ጉብታው በሳቅ ተናወጠ። ግመሉም ስሙ የተጠራ ይመስል አንገቱን በአጥሩ ላይ አሳልፎ በርሜሉን በአፍንጫው ገፋው። ስልኩ አሸዋ ላይ ወደቀ። ካሜራው ሽቅብ አንጋጦ ፒጃማዬን ለዚያ ሁሉ ሰው አሳየ።

“ዳክዬም አለበት እንዴ ጥናቱ?” የሚል የተማሪ ድምፅ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ ምን ያስፈራኛል? ስልኩን አንስቼ አሸዋውን አራገፍኩና ቀጠልኩ። ጥያቄ ጠየቁኝ፣ የማውቀውን መለስኩ። አንዱን ግን ጭራሽ አላወቅሁትም፤ “አላውቅም” አልኩ። በመጨረሻ “እንመካከር” ብለው ስልኩን ወደ ሰማይ አንጋለሉት።

ሰማይና የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ እያየሁ ቆምኩ። እጄን ይዛ የማታውቅ ማዳም መጥታ እጄን ያዘችኝ።

የመምህር አስራት ፊት ተመልሶ መጣ። “እንኳን ደስ አለሽ! አልፈሻል!”

ማማ ከቢራ አማርኛ አይሰሙምና “ምን አሉ? ምን አሉ?” ይሉኛል። በምችላት አረብኛ “ነጀሕት፣ ማማ! አልፌያለሁ!” አልኳቸው።

እኒያ አሮጊት ከወንበራቸው ተነሥተው እልልታቸውን አቀለጡት። ቁርጥ የእኛኑ እልልታ! ጉብታው ላይ ያሉት ሴት ተማሪዎች እልልታውን መለሱላቸው። እሳቸው ደገሙ፣ እነሱም ደገሙ። ልጆቹ እየዘለሉ፣ እኔ እያለቀስኩና እየሳቅኩ፣ የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ሆንን።

ዲግሪው ወደፊት ምን እንደሚሠራልኝ ገና አላውቅም። ኮንትራቴ ሲያልቅ የማየው ነገር ነው። ነገር ግን መልኬን እንኳ በቅጡ የማያውቁ የጉብታው ተማሪዎችና አንዲት የሰው አገር እናት እንዲያ ደስ ይላቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጋውን አልለበስኩም፣ ቆብ አልወረወርኩም፣ ፎቶም አልተነሣሁ። ግን የዚያን ቀን ከእኔ በላይ የተመረቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም።