ግራ የገባው ፈረስ

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ልታይ ስድስት ኪሎ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ የልጅ ልጄ የሚሆን ለግላጋ ወጣት ነው። «እማማ፣ የትኛው ነው የሚያምዎት?» አለኝ። «ግራው» አልኩት። መጥቶ ከፊቴ በርከክ አለና ቀኙን ይጫን ጀመር። «ኧረ ግራው ነው ያልኩህ!» ስለው ደነገጠ። «ይቅርታ እማማ፣ በእኔ ግራ በኩል ያለው መስሎኝ ነው።» ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምን እንደሚያስቀኝ ልጁ አልገባውም፤ እኔ ቦራ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ቦራ የአባቴ ፈረስ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ነው ቦራ የተባለው። ያኔ ጋሪ ገና ከመሀል ከተማ አልተባረረም። አባባ ከጊዮርጊስ በታች ከነበረው ግቢያችን ማልዶ ይወጣና እህል ሲያመላልስ ይውላል። እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ የምፈልግ ኮረዳ ነበርኩ። ሥራው አልተገኘም፤ ፈረሱ ተገኘ። ፉርሽካውን በውኃ አርሳ የምታቀርብ፣ ጀርባውን የምትፍቅ፣ ሰኮናው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ጭቃ በእንጨት የምትጎረጉር እኔ ሆንኩ። ክረምት ሲገባ ፒያሳ መንገድ ዳር በቆሎ ሲጠበስ ሽታው ከሩቅ ይጠራኛል። እሸቱን እኔ እየጋጥኩ፣ ልጣጩን ለሱ በጉያዬ ይዤ እመለስ ነበር። ልብሴ ሁሉ ፈረስ ፈረስ ይሸታል፤ እናቴ «ማን ያገባሻል?» ትለኛለች።

በዚያ ክረምት ጋሪው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። አባባ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ አሰረለትና አልጋ ላይ ቀረ። ፈረሱ ተርፏል ብለን ተመስገን ስንል፣ ጥቂት ቆይቶ ማነከስ ጀመረ። ግቢያችን ድንጋይ የተነጠፈበት ስለነበር አባባ ተኝቶ ኮቴውን ይሰማል። አራቱንም በድምፃቸው ይለያቸዋል፤ የፊት ግራው ብረት አዲስ ነው፣ ከሌሎቹ ይበልጥ ይጮሃል ይላል።

«ግራው ነው። የፊት ግራው። ሂጂ ከድርን ጥሪው» አለኝ።

ጋሽ ከድር ለሰፈሩ ፈረሶች ሁሉ ብረት የሚመታ፣ ከወልቂጤ የመጣ ሳቂታ ሰው ነበር። «አባባ የፊት ግራው ነው ብሏል» አልኩት። እኔ ልጓሙን ይዤ ፊቱ ቆምኩ፤ እሱም እዚያው ፊቱ ቁጢጥ ብሎ እግሩን አነሳ። ሰኮናው ላይ ስንጥቅ አገኘ። «ይኸው! ክረምት ነው፣ ጭቃው አለስልሶት ነው» አለ። በሞቀ የጨው ውኃ ዘፈዘፍነው፣ በጆንያ ጠቀለልነው። «በቃ፣ እንዳይንቀሳቀስ እሰሪው» ብሎኝ ሄደ።

ቦራ ግን ባሰበት። ፉርሽካውን ትቶ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ከዚያ በኋላማ ምክሩ ዘነበ። አንዷ ጎረቤት ዓይን በልቶት ነው አለች። ሌላዋ ጠበል ይረጭ አለች። ሌላው ትከሻው ወልቋል ብሎ ማለ። የሰፈሩ ጎረምሶች በር ላይ ቆመው «ፈረሱ ነው ወይስ እናንተ ናችሁ ግራ የገባችሁ?» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነበር። አንዴ አንዱን እግር ሲያሳርፍ አየዋለሁ፣ አንዴ ሌላውን፤ ሳየው ስውል በአራቱም የሚያነክስ ይመስለኛል። መቼም ግራ ገባኝ እንጂ ቀኝ ገባኝ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የእናቴ ወንድም ጋሼ ተሰማ ግን ነገሩን ቆረጠው። «የማይሠራ ፈረስ እስከ መቼ ይቀለባል? ቅዳሜ መጥቼ ሜዳ እለቀዋለሁ» አለ። ሜዳ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ በሰፈራችን የማያውቅ የለም፤ ለጅብ መስጠት ነው። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እሱ ከዚህ ግቢ ከወጣ፣ እኔም ከዚህ አልጋ አልነሳም» አለ።

ወጥቼ የቦራን አንገት አቅፌ አለቀስኩ። ለፈረሱ ይሁን ለአባቴ፣ እኔም አላውቀው።

ዓርብ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ይሙቅ ብዬ ፈታሁትና በድንጋዩ ላይ ጎተት አደረግኩት። አባባ ከውስጥ ጮኸ።

«አንቺ! ቀኙን ምን አልብሳችሁት ነው ዱብ የሚለው?»

«ኧረ አባባ፣ ቀኙን ማን ነካው? ጆንያው ያለው በግራው ነው!»

«አታላግጪብኝ! ከድርን ጥሪው!»

ጋሽ ከድር መጥቶ አልጋው አጠገብ ቆመ።

«የቱን ነው ያከምከው?» አለው አባባ።

«ግራውን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ስታክመው የት ሆነህ ነው?»

«ፊቱ ነዋ! እርስዎ ደግሞ፣ ከኋላው ቆሜ ልረገጥ እንዴ?»

«እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ከኋላው ነው! ጋሪ ላይ ተቀምጬ!»

ጋሽ ከድር ግራ እጁን አየ፣ ቀኝ እጁን አየ፣ እኔን አየኝ። «ያ ረቢ!» ብሎ እየሮጠ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

አሁን ከፈረሱ ጎን ቆመን፣ እሱ ወደሚያይበት እያየን ግራውን ለየን። ጋሽ ከድር ብረቱን ሲነቅለው ከሥሩ ሹል ጠጠር ተሰክቷል። ቀስ ብሎ ሲፍቀው መግል ፈሰሰ፤ ሽታው አይጣል ነው። ቦራ ትንፋሹን ለቀቀና ግንባሩን ደረቴ ላይ ጣለው። አጠብነው፣ በጨው ውኃ ዘፈዘፍነው፣ ጆንያውን ወደ ትክክለኛው እግር አዛወርነው። ማታ ፉርሽካውን ሲበላ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ጋሼ ተሰማ ገመድ ይዞ መጣ። ፈረሱን ፈትቼ በድንጋዩ ላይ ነዳሁት። ገና ትንሽ ያነክሳል፣ ግን አራቱንም ይረግጣል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ዱብ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ዱብ።

«ተሰማ!» አለ አባባ ከውስጥ። «ተሰማህ?»

ጋሼ ተሰማ «ሰማሁ» አለና ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። «ለጋሪው ይሆናችኋል።»

አባባም ከዚያ አልጋ ተነሳ። እስኪሞት ድረስ ግን ያነክስ ነበር፤ ፈረሱ ድኖ እሱ ወረሰው እያሉ ይቀልዱበታል።

ከክሊኒኩ ስመለስ በፒያሳ በኩል አለፍኩ። ሰፈራችን ፈርሷል፤ መንገዱ ሰፍቶ፣ ጠርዙ አበባ ተተክሎበታል። ግቢያችን የት ጋ እንደነበር ባየው ባየው ሊለይልኝ አልቻለም። ጊዮርጊስን አንዴ ከፊቴ አንዴ ከጎኔ እያደረግኩ ስዞር ሰው ያየኛል። ትቼው ወደ ቤት ሄድኩ።

የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እያቃሰትኩ ወጣሁ። ቁልፌን ገና ከቦርሳዬ ሳላወጣ፣ ልጄ ከተዘጋው በር ጀርባ፣ «እማዬ፣ ግራሽ ዛሬ ብሶብሻል አይደል?» አለችኝ።

የማን ግራ ብዬ አልጠየቅኳትም።