በብራ ቀን የቀረው ሽምግልና

ሮቤ፣ ማለዳ

ባጃጁ መናኸሪያ ሲያወርደኝ የጋሪ ፈረሶቹ አፍ በብርዱ ይጨሳል። የጎባው ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ወሬ አይጠላም። የቆዩ ወዳጄ ሀጂ ከድር ጫካ የገቡ ልጆችን በሽምግልና ሊመልሱ እንደሆነ፣ እኔም ያንን ለማየት እንደምሄድ ነገርኩት።

“በቀደም በድሮን ስለተመታው የጫካው አዛዥ ሰምተሃል?” አለኝ። “እኔ አንዲት ኮረብታ ለማስለቀቅ ስንት ጓደኛ ቀብሬያለሁ። አሁን አንዲትም የወታደር እናት ሳታለቅስ ሥራው አለቀ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኛል።”

መከራከር ቃጥቶኝ ነበር፤ ተውኩት። እኔ ማንን ቀብሬ ነው?

ጎባ፣ ረፋድ

በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በሻይ በላሁ። ከዚያ በሞተር ዳገቱን ወጣሁ። የገብሱ ማሳ ቢጫ ሆኗል፤ ሰማዩ ብራ ነው።

መንደሩ፣ ቀትር

ሀጂ ለዕርቁ እርጥብ ሣር ጨብጠው ሜዳው ዳር ብቻቸውን ቆመዋል። “አካም ጂርታ፣ ልጄ? ደህና መጣህ። ሽማግሌዎቹ ግን ቀሩ።”

እዚህ አገር ዕርቅ የሚወርደው ሜዳ ላይ ክብ ተቀምጦ፣ ሁሉ እያየ ነው። ከጣሪያ ሥር የተቋጨ ዕርቅ ሹክሹክታ ነው፤ ማንንም በቃሉ አያስርም። አዛዡ የተመታው ግን ሰው መሀል እንደተቀመጠ ነበር። ሬዲዮው የእሱን ስም ጠራ፤ አብረውት የሞቱትን መንደርተኞች አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ የሚሰበሰብ ጠፋ። ሀጂ “እሺ፣ ቤቴ እንቀመጥ” ብለው ላኩ። ልጆቹ ደግሞ አንድ በር ያለው ቤት አንገባም፣ ብንከበብ መውጫ የለውም አሉ።

“ሰውየው በሬዬን ነድቶብኛል፤ አላለቅስለትም” አሉኝ ሀጂ። “ግን እሱ በሕይወት እያለ ልጆቹ እየከዱት ይመጡልኝ ነበር። ከሞተ ወዲህ አንድም አልመጣም።”

ሳላስበው ቀና አልኩ። ብራ ሰማይ ለድሮን ይመቻል፤ በባሌ ብራ ሰማይ ስከፋ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የሀጂ ታናሽ እህት ፋጡማ መጣች። ልጇ ጫካ ነው፤ ሽምግልናው እንዲጀመር ወንድሟን ደጅ የጠናችው እሷ ናት።

“ሀጂ፣ ይምጣልኝ ብዬ ያስቸገርኩዎት እኔ ነኝ” አለች። “አሁን አይምጣ ብለው ይላኩለት። ከሰው ጋር አይቀመጥ። እዚያው ይቆይ።”

ሀጂ ደነገጡ። “ፋጡማ፣ ይህን የምትተዪው ሌላ ልጅ አለሽ እንዴ?”

“የለኝም” አለች። “ስለሌለኝ ነው።”