ጀነሬተሩና የቲቸር አስቴር መስኮት

ያን ዓርብ መብራት የሄደው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው... ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ለማግስቱ ሠርግ የታዘዘው ዳቦ ገና ሳይጋገር።

ሆሳዕና ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። ምድጃዬ የጋዝ ነው። «ታዲያ መብራት ቢጠፋ ምን ቸገረሽ?» የሚሉኝ አሉ። ሙቀቱን የሚያዞረው ፋን በመብራት ነው የሚሠራው፤ ፋኑ ሲቆም ጋዙም ራሱን ይዘጋል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ጀነሬተር እናስነሳለን። ስንቴ እንደሚሄድ ደግሞ... እናንተው ታውቁታላችሁ።

ጀነሬተሩ ድሮ በረንዳ ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡንም ሌባውንም ፈርቼ ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አስገባሁት። ከላይ ቆርቆሮ አለበስኳት፣ ከፊት የብረት በር ገጠምኩላት። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ግድግዳ የምንጋራው የጎረቤቴ መስኮትም የሚከፈተው ወደዚያችው መተላለፊያ ነው።

ጎረቤቴ ቲቸር አስቴር ይባላሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጀነሬተሩ ከገባ ወዲህ ሰላም አጣን።

«አንቺ ልጅ፣ ጭሱ ቤቴ እየገባ ነው። ራሴን ያመኛል።»

«መስኮቱን ይዝጉታ ቲቸር!»

«ብዘጋውም ይገባል እኮ!»

ጋጋሪዬ ታምራት «ምቀኝነት ነው፣ ተያቸው» ይለኛል። እኔም ለማመን ጊዜ አልፈጀብኝም። ጀነሬተሩ በተነሳ ቁጥር በከዘራቸው የጋራ ግድግዳችንን ይደበድባሉ፤ እኛ ደግሞ ዘፈን ከፍ እናደርጋለን።

ያን ዓርብም ረፋዱ ላይ ደበደቡ። ከዚያ ትንሽ ቆዩና እንደገና... ቀስ ብለው። ከዚያ ዝም አሉ።

«ዛሬስ ደከማቸው» አለ ታምራት። ሳቅን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ተመስገን» ብያለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤንዚን አለቀና ጀነሬተሩ ጸጥ አለ። ያኔ ነው ከግድግዳው ማዶ ስልክ ሲጠራ የሰማሁት። ይጠራል፣ ይቆማል... ደግሞ ይጠራል። የሚያነሳው የለም።

ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። «ቲቸር! ቲቸር!» መልስ የለም። ከውስጥ ተቆልፏል። ታምራት በትከሻው ገጭቶ ገነጠለው።

ግድግዳው ሥር ወድቀዋል፤ ከዘራው እጃቸው ላይ ነው። ሲደበድቡ የነበረው ለጠብ አልነበረም። እየጠሩን ነበር። ቀና ስል መስኮቱ ተዘግቷል፣ ክፍተቱ ሁሉ በአሮጌ ነጠላ ተወትፏል... እንደመከርኳቸው።

በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት አበረርናቸው። ኦክስጅን አደረጉላቸው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረና «ቤት ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ነበር?» አለኝ።

ጀነሬተር የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ዳቦ ቤቴ ሲታሸግ፣ እኔ ፖሊስ ጣቢያ ስቀመጥ ታየኝ።

«እኔ እንጃ... ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

በቃ። ያቺ «ሳይሆን አይቀርም» ከእኛ ቀድማ ሰፈር ገባች። ማታውን ሰው ሁሉ የሚያወራው ቲቸር በዝግ ቤት ከሰል አንድደው እንደነበርና ዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከሞት እንዳወጣቻቸው ሆነ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተጠርቶ «እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጣችሁ» ተባለ። አሜን ሲባል እኔም አሜን አልኩ።

ሲጠራ የዋለው ስልክ የልጃቸው የምሕረት ነበር። ቅዳሜ ዕለት ከአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ደርሳ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ ወደ አልጋው ዞራ ተቆጣች።

«እማዬ፣ ስንቴ ነው ከሰል ቤት አታስገቢ ያልኩሽ? ሰው አትሰሚም!»

ቲቸር በደከመ ድምፅ በሀዲይሳ መለሱላት። እኔ የዱራሜ ልጅ፣ አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ብሆንም ሀዲይሳ ያቺን ያህል አላጣም። «እኔ ከሰል የለኝም» ነው ያሉት።

ምሕረት «ገና በደንብ አልነቃችም» አለችኝ። ቲቸር ቀና ብለው አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ከሰል አንድም ቃል አልተነፈሱም።

በሳምንቱ ምሕረት «ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» ብላ ወደ አዲስ አበባ ልትወስዳቸው ተነሳች። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣ ተሸክሜ ሸኘኋቸው። ምሕረት ዕቃ ስታስጭን ቲቸር ከአውቶብሱ መስኮት በእጃቸው ጠሩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ምነው በሰደቡኝ!

«ጀነሬተሩን ከዚያ አንሺው» አሉኝ። «እዚያ ቤት ነገ ሌላ ሰው ይከራያል።»

ይኸው ብቻ። አውቶብሱ ወጣ።

ትናንት ለምሕረት ደወልኩላት። ከሰል እንዳልነበረ፣ ጀነሬተሩ የእኔ እንደነበረ፣ ለሐኪሙ የዋሸሁትም እኔ እንደሆንኩ አንድ በአንድ ነገርኳት። 

«እኔ እኮ እናቴን ሰው ፊት እንደ ሕፃን ተቆጣኋት» አለችኝ። ከዚያ ዘጋችው። ደግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም።

ጀነሬተሩን ከዚያች መተላለፊያ ለማውጣት እኔና ታምራት አሥር ደቂቃ በቃን... እውነቱን ለማውጣት ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ።