ሸዋረጋ አቶ ጌጡን የገደለችበት እሑድ

ሸዋረጋ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ፣ በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስትጽፍ አሥራ አራት ዓመት ሆናት። እጇ ፈጣን ነው፤ ጽሑፏ ያምራል፤ ችግሯ ነገር ማሳጠር አለመቻሏ ነው። አንድ ገበሬ ሁለት በግ ተሰረቀብኝ ብሎ ቢመጣ፣ ክሱን የምትጀምረው «ጭጋጉ ከጓሳ ወርዶ ሰውና ግንድ በማይለይበት በዚያ ማለዳ» ብላ ነው። አንድ ጊዜ ዳኛው ሦስት ገጽ አንብበው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «እህቴ፣ ሌባው ማን እንደሆነ ለማወቅ እኔም ቸኩያለሁ፤ ግን የምትጠይቂው ዳኝነት የታለ?» አሏት። ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ቤቷ ስትገባ ግን ነገሩ ከነከናት። ለካስ ሌባውን ለማወቅ ዳኛም ይቸኩላል!

ጨዋታውን የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ግድያ ታስባለች፤ ሟቹን፣ ገዳዩንና ተጠርጣሪዎቹን ትፈጥራለች፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚደብቅና በማን ላይ ቂም እንደያዘ ጽፋ በፖስታ አሽጋ ትሰጣለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈርተኛው ይሰበሰብና ዳቦና ጠላ እየቀማመሰ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው ሆኖ እየተናገረ ገዳዩን ያፈላልጋል።

የመጀመሪያው ጨዋታ አራት ደቂቃ ነው የፈጀው። የገዳዩ ፖስታ የደረሳቸው መሪጌታ አትናቴዎስ ነበሩ፤ ስንት ተማሪ ያወጡ የዜማ መምህር፣ ሲዋሹ ሰምቻለሁ የሚል ሰው የሌለባቸው። ፀጉር ሠሪዋ ሳሌም ለወጉ ያህል፣ «መሪጌታ፣ ለመሆኑ ሟቹን የገደሉት እርስዎ ነዎት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው። «በዘነዘና ነው።»

ዳቦው ገና አልተቆረሰም ነበር። ሸዋረጋ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «መሪጌታ፣ መካድ እኮ ነበረብዎ!»

«ልጄ፣ በሰንበት?»

ከዚያ በኋላ መሪጌታ መርማሪ እንጂ ተጠርጣሪ ሆነው አያውቁም።

ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ሟች ጠፋ። ገዳይ መሆን የሚፈልግ ሞልቷል፤ ከሰዓቱን ሙሉ ጥግ ላይ ተጋድሞ ዝም ማለት ግን ማንም አይወድም። በመጨረሻ የእንስሳት ሕክምና ጡረተኛው አቶ ጌጡ፣ «እኔ ልሙት፤ ባለቤቴም ደብረ ብርሃን ልጃችን ጋ ናት፤ ቤቱ ነፃ ነው» አሉ።

እሑድ ዕለት አቶ ጌጡ ግንባራቸውን የቲማቲም ድልህ ተቀብተው፣ የበግ ፀጉር ባናቸውን ለብሰው መደባቸው ላይ ተጋደሙ። የሳሌም ድርሻ ሬሳውን አግኝታ መጮህ ነበር። ሸዋረጋ የጻፈችላት «ትጮሂያለሽ» ብላ ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ አልጻፈችም። ሳሌም «ወይኔ! ጌጡን ገደሉት!» ብላ ስታቀልጠው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ተነሣ።

ከአጥሩ ማዶ ያሉ ጎረቤት ይህን ሰሙ። ዞር ብለው እንኳ ሳይጠይቁ፣ ሞላሌ ለሚኖሩት ለአቶ ጌጡ ታላቅ እህት ለወይዘሮ ጥሩሸዋ ደወሉ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ አላምንም ብለው ወንድማቸው ጋ ደወሉ። ስልኩ ባናው ሥር ጮኸ። አቶ ጌጡ በአንድ ዓይናቸው የእህታቸውን ስም አዩት፤ ግን ሸዋረጋ «ሟች ስልክ አያነሣም» ብላ አስጠንቅቃቸው ነበር። ሦስት ጊዜ ተደወለ፤ ሦስት ጊዜ ዝም አሉ። በጽናታቸው እጅግ ኮርተው እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

ጨዋታው ደርቶ፣ መሪጌታ ሳሌምን በጥያቄ እያፋጠጧት ሳለ፣ በር ላይ ሚኒባስ ቆመ። ነጠላውን ያዘቀዘቀ ለቀስተኛ ዋይ ዋይ እያለ ግቢውን ሞላው። ፊት ፊት የገቡት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነበሩ፤ ቲማቲሙን ሲያዩ ደረታቸውን እየደቁ መደቡ ሥር ተደፉ።

ሸዋረጋ ክው አለች። «ጨዋታ ነው!» ብትልም ዋይታው ድምፅዋን ዋጠው። አቶ ጌጡ ወዲያው መነሣት ይችሉ ነበር። ግን እህታቸው «ደጉ ወንድሜ! የሰው ከብት ታሞ እንቅልፍ የማይወስድህ!» እያሉ ሲያሞግሷቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእህታቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ስለማያውቁ፣ ትንሽ አዳምጠው ለመነሣት ወሰኑ።

«የአባታችንን በርኖስ አይጥ በላው ብዬ የዋሸሁህ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌ ሃያ ዓመት በብርድ የቀጣሁህ!»

ሟቹ ብድግ ብለው ተቀመጡ። «በርኖሱ አንቺ ጋ ነው?»

ለቀስተኛው በአንድ በር እየተጋፋ ወጣ። መሪጌታ፣ ሁሉን እያወቁም፣ «በስመ አብ!» አሉ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ብቻ አልሸሹም። መጀመሪያ ወንድማቸውን አገላብጠው ሳሟቸው፤ ቀጥለው በነጠላቸው ጫፍ ሾጥ አደረጓቸው።

«ሳትሞት ነው እንዲህ ያስለቀስከኝ?»

«አይጥ ሳይበላው ነው በላው ያልሽኝ?»

በርኖሱ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ እንዲላክ ተስማሙና ተቃቀፉ፤ የሸሸው ለቀስተኛም አንድ በአንድ ተመለሰ።

ያኔ የሁሉም ዓይን ሸዋረጋ ላይ ሆነ። ፖስታዎቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች ነገሩን ሁሉ አስረዳች፤ እንደ ልማዷ አስረዝማ። ስትጨርስ፣ እንዴት ብዬ ነው ከዚህ ግቢ የምወጣው እያለች ስታስብ፣ የሚኒባሱ ሾፌር ወንድምአገኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱስ ይሁን፤ ግን ማን ገደላቸው?»

ሁሉም ተያዩ። «እውነቱን ነው!» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «ከሞላሌ ድረስ መጥቼ የወንድሜን ገዳይ ሳላውቅ አልመለስም። አውጫጭኝ እንቀመጥ!»

ድሮ ወንጀለኛ ሲሰወር፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየውን እስኪያወጣ ድረስ የማይበተንበትን ሸንጎ ማለታቸው ነበር። ለቀስተኛውም ተጫዋቹም ፀሐይ ላይ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፤ መሪጌታ ሰብሳቢ ሆኑ፤ ሟቹ ጠላ ቀዱ። ሸዋረጋ ሁለት ሳምንት በለፋችበት ድርሰት ላይ ገዳይዋ ሳሌም ነበረች። ሳሌም ግን በቅዱሳን ስም እየማለች አጥብቃ ስትክድ ዋለችና አንድም ሰው ሳይጠረጥራት ቀረ። በመጨረሻ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ተነሡ።

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ ወረቀት ማን ጻፈው?»

«ሸዋረጋ» አለ ጉባኤው።

«ጌጡ ይሙት ብሎ የወሰነውስ?»

«ሸዋረጋ!»

«ስልኬን እንዳያነሣ የከለከለውስ?»

መሪጌታ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሸዋረጋ ልትከላከል ተነሣች። ስንቱን ሰው ከክስ ያዳነች ጸሐፊ፣ ለራሷ ሲሆን ገና መግቢያው ላይ እያለች «ገዳይዋ እሷ ናት» ተብሎ እጅ ወጥቶ አለቀ። ሟቹ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ሳሌም ወረቀቷን እያውለበለበች፣ «ኧረ እኔ ነኝ የገደልኳቸው! ይኸው ተጽፏል!» ብላ ብትጮህ የሰማት የለም። ሸዋረጋ ድርሰቷ መና ስለቀረ ትንሽ ከፋት፤ ግቢው ሙሉ ሰው በእሷ ነገር እንዲህ ሲከራከር አይታ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

በሳምንቱ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ደወሉላት። ቀጣዩ ጨዋታ ሞላሌ እንዲሆን፣ ሟቿም እሳቸው እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። ማን ምን ብሎ እንደሚያለቅስላቸው አንድ በአንድ አስጽፈው፣ ዝርዝሩን በወንድምአገኝ እጅ ላኩላት። ሸዋረጋ ደስ ብሏት ተቀበለች፤ አንድ ነገር ላይ ብቻ ድርቅ አለች፤ ጨዋታ መሆኑ አስቀድሞ ለሞላሌ ሰው በየቤቱ መነገር አለበት።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ እስካሁን እሺ አላሉም። «ለሁሉም ከተነገረማ» ይላሉ፣ «ማን ከልቡ ያለቅስልኛል?»