አያ ያረሙት ቦይ

የዚያን ረቡዕ ጠዋት ምንጩ ላይ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥቀስ። ታላቅ እኅቴ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ። ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰው ዲያቆን። ሁላችንም አያ የምንላቸው ጎረቤታችን፣ ሞፈር በመጥረብ የታወቁ ሽማግሌ። አምስተኛው እኔ ነኝ። ሕፃኑ ከተቆጠረ ስድስት ነን።

ቦዩን የቆፈርነው በሴፍቲኔት ሥራ ነው። ባለሙያዋ እንደነገረችን፣ ውኃው ከምንጩ በራሱ ፈስሶ ከእርከኑ በታች ያለው ሜዳ ከደረሰ ችግኝ ጣቢያው እዚያ ይቋቋማል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ሰዎችም ይቀጠራሉ፤ የመጀመሪያዋ እኅቴ ናት። ካልደረሰ ጣቢያው ወንዝ ማዶ ላለው መንደር ይሰጣል። የሴፍቲኔቱ ሥራ ደግሞ ሰኔ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ለእኅቴ የሚቀራት ልጇን ለእናታችን ትታ መተማ ወርዳ ሰሊጥ ማረም ነበር። ጓዟን አስቀድማ አስራ መደቡ ላይ አስቀምጣዋለች።

የቦዩን መስመር የለካሁት እኔ ነኝ። መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ ግንበኛ በውኃ ልክ ሲሠራ ሦስት ቀን ቆሜ አይቻለሁ። ውኃ የተሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው፤ ጫፎቹ ቢራራቁም በሁለቱ በኩል ያለው ውኃ እኩል ይቆማል። እኔም አንድ ገዝቼ ጫፎቹን በሁለት ዘንግ ላይ አሰርሁ። በየአምስት እርምጃው አንድ ጣት ዝቅ እያደረግሁ ለሁለት መቶ ዐሥራ ስምንት እርምጃ ችካል ተከልሁ።

ከመስመሩ ዳር ካለችው ወይራ ጋ ሲደረስ ግን ተራራው ድንገት ቁልቁል ስለሚወርድ ቦዩ ሽቅብ የሚወጣ ይመስላል። አያ ይህን አይተው ሳምንት ሙሉ ቀለዱብኝ። ውኃው መሰላል ይዞ ይመጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዲያቆኑም ምሕላ እንያዝ አለ።

ያን ረቡዕ አያ ምንጩን በዶማ ከፈቱት። ውኃው ገለባና አቧራ እየገፋ ቀስ ብሎ መጣ፤ እኛም እንደ ሙሽራ አጃቢ ከጎን ከጎኑ ሄድን። ወይራዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቆሞም እዚያው እየተጠራቀመ ወደ አፈሩ ይሰርግ ጀመር። እኅቴ አንቀልባዋን አጠበቀች።

ቱቦዬን ዘርግቼ ለካሁ። የቦዩ ወለል እኔ ከተውሁት አንድ ጋት ዝቅ ብሏል። ዲያቆኑ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር።

«ማን ነው የነካው?» አልሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ። «አርብ ገበያ የሄድህ ዕለት ነው። ሽቅብ የሚሄደውን ዝቅ አደረግሁልህ፤ በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ።»

አንዱን ዘንግ አስያዝኋቸውና በሁለቱም ጫፍ ያለውን ውኃ አሳየኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ዞረው ተራራውን አዩ።

«ዕድሜ ልኬን ያየሁት ተራራ ይዋሸኝ?»

«አያ፣ ተራራውን ይተዉትና ዶማውን ያንሱ» አለች እኅቴ። «መተማ ሊሰዱኝ ነው እኮ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ባለሙያዋ ናት፤ ከዚያ ማንም አልቀረም። ምንጩ ተዘጋ፤ አያ ዲያቆኑን የተጠራቀመውን ውኃ በጣሳ አስጨለፉት እንጂ የቆፈሩትን መልሶ መሙላቱን ለማንም አልሰጡም። ጭቃውን ከነሣሩ እየደለደሉ በእግራቸው ረገጡት። ገና ይቀራል ባልሁ ቁጥር እሺ ጌታዬ ይሉኛል።

ዳግመኛ ሲከፈት ውኃው ወይራዋ ጋ ጥቂት አመነታና አለፈ። ሜዳው ሲደርስ እኅቴ ልጇን አውርዳ ዳሩ ላይ አስቀመጠችው። ውኃውን በሁለት እጁ እየመታ ሁላችንንም በጭቃ ረጨን። ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ ጓዟ ተፈትቶ፣ ልብሷ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል።

አያ «ያረምሁት ዐሥር እርምጃ ብቻ ነው» ይላሉ፤ እኔ ዐሥራ አራት ቆጥሬአለሁ። ዲያቆኑ አርብ ዕለት ምን ያህል እንዳገዛቸው እስካሁን አልነገረኝም። ሜዳው ላይ መጀመሪያ እልል ያለችው ባለሙያዋ ናት ወይስ እኅቴ? የነበራችሁ፣ የጎደለውን ጨምሩበት። የተሳሳትሁትንም አርሙልኝ፤ ግን እኔ ገበያ ስሄድ አይሁን።