አክስቴ ለጃፓኗ ልጅ አለቀሱላት

አክስቴ ዛሬ ስልኬ ውስጥ ለምታለቅስ ጃፓናዊት "አብሽሪ ልጄ! አብሽሪ!" እያሉ አለቀሱ።

ፊልሙ ላይ ፍቅረኛዋ ሞቶባት መርሳት አቅቷታል። ቋንቋውን ሁለታችንም አንሰማም፤ እኔ እየገመትኩ አስተረጉማለሁ።

ከመርሳ ከተማ ድረስ የመጡት ግን እኔን ሊቆጡ ነበር። እጮኛዬ ሰይድ በዚህ ጦርነት ከሞተ ጀምሮ ጥቁር ለብሻለሁ። "ኒካህ ሳይታሰር ምን ሐዘን ነው? አውልቂው፣ ባል ይሸሽሻል!" ሲሉኝ ነው ያረፈዱት።

"ባሏ ነበር?" አሉኝ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

"ኧረ አልተጋቡም እትዬ! እንደኔው ናት። ታዲያ ለእሷ አብሽሪ፣ ለእኔ አውልቂ?"

ተመልሰው ወደ ስልኩ ዞሩ። ጥቁሩም አልወለቀም፤ አልቅሼ ሲወጣልኝ ራሴ አወልቀዋለሁ።

ኒካህ ሳታስሩ እጮኛችሁን የቀበራችሁ እህቶቼ፣ እናንተንስ "አብሽሪ" ያላችሁ ሰው አለ?